ኢንተርኔቱ እየሠራ ኮምፒውተሮቹ ለምን ይጠፋፋሉ?

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን (ጠባሴ)

ሰላም ወገኖች፣ እንደምን ዋላችሁ። ቤቴ ውስጥ የጽሕፈት ሥራ እሠራለሁ፤ ማመልከቻ፣ ውል፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ። ዴስክቶፑና ፕሪንተሩ ፊት ለፊት ክፍል ናቸው። እኔ ጓዳ ሆኜ በላፕቶፕ እጽፍና ዴስክቶፑ ላይ ሼር ባደረግነው ፎልደር ውስጥ አስቀምጣለሁ፣ እህቴ ደግሞ ከዚያ ፕሪንት ታደርጋለች።

ችግሩ ፎልደሩ ድንገት ይጠፋል። ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል፣ ደግሞ ይጠፋል። ኢንተርኔቱ ግን ምንም አይሆንም፣ ቴሌግራም እንደ ልብ ይሠራል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ይብስበታል። ቤቱ የድንጋይ ነው፣ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ጓዳ ሲግናል አይደርስም ነበር፤ ስለዚህ ከፊተኛው ራውተር ኬብል ተስቦ ጓዳ ሁለተኛ ራውተር ገብቷል፣ ስሙም ፓስወርዱም አንድ ነው። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ፋይል ሲጠፋ በጣም ያስጨንቃል። ሌላ ራውተር ልግዛ?

መልስ፣ ከሸዋ ሮቢት

ፓኬጅሽ ትንሽ ይሆናል እህቴ። ፍጥነቱን ከፍ አድርጊውና እዪው።

መልስ፣ ከደብረ ሲና

ኧረ ገንዘቧን አታስወጣት ወንድሜ። ከላፕቶፕ ወደ ዴስክቶፕ የሚሄድ ፋይል ከቤት አይወጣም፣ ራውተሩ ጋ ደርሶ ይመለሳል። ኢንተርኔቱ ጭራሽ ቢቋረጥ እንኳን ፎልደሩ መከፈት አለበት። ፓኬጅ መጨመር እዚህ ላይ ምንም አይረዳም።

እህቴ፣ ፎልደሩ ሲጠፋ ምንም ነገር አታጥፊ፣ አታብሪ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ ሪስታርት ያደርጋል፣ ያኔ ምልክቱ አብሮ ይጠፋል። ልክ በጠፋበት ሰዓት ሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ የኔትወርኩን ፕሮፐርቲስ ክፈቺና የአይፒ አድራሻቸውን ጽፈሽ ላኪልን። በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች ናቸው። ሦስተኛዋን ቁጥር በደንብ እዪ።

መልስ፣ ከመሐል ሜዳ

እሱ ያለሽን አድርጊ። እኔ የምጨምረው፣ ዴስክቶፑ ሥራ ሲፈታ ስሊፕ ይገባል ወይ? ስሊፕ የገባ ኮምፒውተር ሼር ያደረገው ፎልደር ለሌላው አይታይም፣ ስለዚህ ከፓወር ሴቲንግ አጥፊው። ሌላው፣ ዊንዶውስ ኔትወርኩን ፐብሊክ ብሎ ከያዘው ኮምፒውተሩን ከሌሎች ይደብቀዋል፤ የቤት ኔትወርክ ስለሆነ ፕራይቬት አድርጊው። ላፕቶፑ ላይ ደግሞ ዲቫይስ ማናጀር ገብተሽ የዋይፋዩን ካርድ ክፈቺ፣ ፓወር ማኔጅመንት የሚል ካለ ባትሪ ለመቆጠብ እንዲያጠፋው የሚፈቅደውን ምልክት አንሺ።

ጠያቂዋ

እግዜር ይስጥልኝ። ስሊፑን አጥፍቻለሁ፣ ፕራይቬትም አድርጌዋለሁ። ዛሬ እንደገና ሲጠፋ አየሁት። ዴስክቶፑ 192.168.1.10 ይላል። ላፕቶፑ 192.168.0.101 ይላል።

መልስ፣ ከደብረ ሲና

በቃ ተገኘ። አንዱ 1 ላይ ነው፣ ሌላው 0 ላይ። ሁለት ራውተሮች በየፊናቸው አድራሻ እያደሉ ነው፣ ቤትሽ ውስጥ ያሉት ሁለት ኔትወርኮች ናቸው ማለት ነው። ላፕቶፑ የፊተኛውን ዋይፋይ ሲይዝ ፎልደሩ ይታያል፤ የጓዳውን ሲይዝ ይጠፋል። ስማቸው አንድ ስለሆነ የቱን እንደያዘ አታውቂም። ኢንተርኔት በሁለቱም በኩል ስለሚያልፍ ደህና ይመስልሻል። መብራት ሲመጣ የሚብሰውም ለዚህ ነው፣ ሁለቱም እንደ አዲስ ይነሣሉ፣ ላፕቶፑም ያገኘውን ይይዛል።

አዲስ ዕቃ አያስፈልግሽም። የጓዳው ራውተር አድራሻ ማደሉን ትቶ ሲግናል ብቻ ያድርስ። ቅደም ተከተሉን ጠብቂ፦ መጀመሪያ ከፊተኛው የመጣውን ኬብል ከጓዳው ራውተር ንቀዪ። ላፕቶፑን በአጭር ኬብል ከላን ቀዳዳው (የቤቱ ዕቃዎች ከሚሰኩበት) ጋር አገናኚና ዋይፋዩን አጥፊ። ብራውዘር ላይ 192.168.0.1 ጽፈሽ ግቢ። አብዛኛውን ጊዜ የራውተር አድራሻ እሱ ነው፣ ካልከፈተ ላፕቶፑ ጌትዌይ ብሎ የሚያሳይሽን ተጠቀሚ። የላን ሴቲንጉ ውስጥ የራውተሩን አድራሻ ወደ 192.168.1.2 ቀይሪው፣ ግን ፊተኛው ራውተር ይህን ቁጥር ለሌላ የማያድለው መሆኑን አስቀድመሽ እዪ። ሴቭ ስታደርጊ ያስወጣሻል፣ አትደንግጪ፣ ላፕቶፑን ነቅለሽ መልሰሽ ሰክተሽ በአዲሱ አድራሻ ተመለሺ። ከዚያ ዲኤችሲፒ የሚለውን አጥፊ። ዲኤችሲፒ ማለት አድራሻ የሚያድለው ክፍል ነው። እሱን ቀድመሽ ካጠፋሽው ላፕቶፑ አድራሻ አጥቶ መግቢያ ታጫለሽ፣ ለዚህ ነው መጨረሻ ላይ የሚጠፋው።

አሁን የነቀልሽውን ኬብል መልሺ፣ ግን ዋን የሚለው፣ ኢንተርኔት ከውጭ የሚገባበት ቀዳዳ ላይ እንዳትሰኪው። ብዙ ጊዜ ቀለሙ ከሌሎቹ ይለያል። ከላኖቹ በአንዱ ሰኪው። ብዙ ሰው ሴቲንጉን በትክክል ጨርሶ ኬብሉን ዋን ላይ ይመልሰዋል፣ ከዚያ አልሠራም ይላል።

መልስ፣ ከሸዋ ሮቢት

እውነት ነው፣ ስለ ፓኬጁ ያልኩትን ተዪው። በዚያው ሳለሽ የሁለቱን ራውተሮች ቻናል፣ ማለትም ሲግናላቸው የሚሄድበትን መስመር፣ ለያዪው። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚለው የዋይፋይ ሞገድ ላይ አንዱን 1፣ ሌላውን 6 ወይም 11 አድርጊው፣ እርስ በርስ አይረባበሹም። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ ግን በድንጋይ ግድግዳ ማለፍ ይከብደዋል፤ ራውተሩ ባለበት ክፍል ውስጥ ብቻ ተጠቀሚበት።

ጠያቂዋ

ሠራ! ላፕቶፑ ከጓዳ 192.168.1.14 አሳየኝ፣ ፎልደሩም ወዲያው ተከፈተ። ከፊት ክፍል ወደ ጓዳ ይዤው ስገባም አልጠፋም። እህቴም ተገላግላለች። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ፤ መብራት ሲመላለስ የዴስክቶፑ አድራሻ ተቀይሮ አሁንም ይጠፋብኝ ይሆን?

መልስ፣ ከመሐል ሜዳ

ሊቀየር ይችላል። ፎልደሩን በኮምፒውተሩ ስም የምትከፍቺው ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም። በቁጥር ከሆነ ግን የፊተኛው ራውተር ውስጥ ዲኤችሲፒው ጋ ሪዘርቬሽን የሚል ታገኛለሽ፣ ዴስክቶፑን እዚያ መዝግቢው፤ ሁልጊዜ ያንኑ አድራሻ ይሰጠዋል። ፕሪንተሩም በዋይፋይ የሚሠራ ከሆነ እንደዚሁ አድርጊለት።