ያረጀ ሴል የሚያጠፋ ክኒን፦ ለወላጅ ይሰጥ ወይስ ይጠበቅ?

የፒያሳዋ፦ እናቴ 71 ዓመቷ ነው። የጉልበት አርትራይተስ አለባት። ከፎቅ ስትወርድ ወደ ጎን ዞራ፣ የደረጃውን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ ነው። አክስቴ «ያረጁ ሴሎችን ያጠፋል» ብላ ኩዌርሴቲን የሚባል ክኒን ከውጭ ላከችላት። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ ነው። ጥናቱ እስኪያልቅ ሰው መጠበቅ አለበት? እኔ የለበትም ባይ ነኝ።

አራት ኪሎ፦ እኔም ካንቺ ጋር ነኝ። ባዮሎጂ ስለማስተምር ነገሩን እከታተለዋለሁ። አንዳንድ ሴሎች ሲያረጁ መከፋፈል ያቆማሉ፤ ግን አይሞቱም። እዚያው ተቀምጠው ብግነት የሚቀሰቅስ ኬሚካል ያመነጫሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናት፣ ያረጁ አይጦች ዳሳቲኒብና ኩዌርሴቲን ሲሰጣቸው ቀሪ ዕድሜያቸው በ36 በመቶ ረዘመ። ቀላል ነገር አይደለም!

ፋርማሲስቷ፦ ቆይ፣ ወንድሜ። ራስህ እንዳልከው ሁለቱ አንድ ላይ ነው የተሰጡት። ዳሳቲኒብ የደም ካንሰር መድኃኒት ነው። ደም እንዲረጋ የሚረዳውን ፕሌትሌት ያወርዳል፣ ሳንባ ዙሪያ ውሃ ሊያስቋጥር ይችላል። ኩዌርሴቲን ብቻውንማ ቀይ ሽንኩርት ውስጥም አለ። ደግሞ ያረጁ ሴሎችን የማጥፋቱ ሐሳብ ጉልበት ላይ በሰው ተሞክሯል። ዩኒቲ ባዮቴክኖሎጂ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ያረጁ ሴሎችን የሚያጠፋ ሌላ መድኃኒት በ183 ሕመምተኞች ላይ ሞከረ። ጉልበታቸው ላይ በመርፌ ነው የሰጠው። እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ ሲወጣ፣ ሕመሙን በማስታገስ መድኃኒት ከሌለው መርፌ አልተሻለም።

አራት ኪሎ፦ አንዱ ስለወደቀ መንገዱ ተዘጋ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ሳንባቸው የጠጠረ 14 ሕመምተኞች ዳሳቲኒብና ኩዌርሴቲን ወስደው አረማመዳቸው ተሻሽሏል።

ፋርማሲስቷ፦ እውነት ነው። ግን መድኃኒቱን ካልወሰዱ ሰዎች ጋር አልተነጻጸሩም። 14 ሰው ይዤ ለማንም እናት «ውሰጂ» አልልም።

ካዛንቺስ፦ እኔ ነርስ ነኝ። የስኳር ቁስል ሳጥብ ነው የምውለው። ያረጁ ሴሎች ሁሉ ጠላት አይደሉም፤ አይጦች ላይ ሲጠፉ ቁስል ቶሎ አልድን ብሏል። እህቴ፣ እናትሽ ስኳር አለባቸው?

የፒያሳዋ፦ ስኳር የለባትም። ደም ማቅጠኛ ግን ትወስዳለች።

ፋርማሲስቷ፦ በይ እንዳትሰጫቸው! ከደም ማቅጠኛው ጋር ሊጋጭ ይችላል። ብልቃጡንም የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉንም ይዘሽ ሐኪማቸው ጋ ሂጂ። እንዲህ ያለ ነገር ያለ ትእዛዝ መሸጥ የለበትም የምለው ለዚህ ነው።

አራት ኪሎ፦ ደም ማቅጠኛ ካለማ እኔም ሐኪም ይየው እላለሁ። ሽያጩ ይከልከል በሚለው ግን አልስማማም። 71 ዓመት የሞላው ሰው ስንት ዓመት ይጠብቅ?

የፒያሳዋ፦ እኔንም ያስጨነቀኝ እሱ ነው። ብልቃጡን ከረከቦቱ አጠገብ አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ሰኞ ቀጠሮ አላት።