ሚኒስትርን በጥያቄ መያዝ፦ የትኛው መንገድ ይሠራል?

ጥያቄ፦ በብሪታንያ የታችኛው ምክር ቤት ሚኒስትሮችን በእውነት የሚያስጨንቀው የትኛው የጥያቄ ዓይነት ነው?

መልስ 1፦ የረቡዕ ቀትሩ የጠቅላይ ሚኒስትር ጥያቄ ብዙ ተመልካች አለው፤ ቁም ነገሩ ግን የጽሑፍ ጥያቄ ላይ ነው። የመልሱን ቀን ቆርጦ የሚቀርበውን ዓይነት አንድ አባል በቀን እስከ 5 ማስገባት ይችላል። ችግሩ በቀኑ «በቅርቡ እንመልሳለን» የሚል ጊዜያዊ መልስ መምጣቱ ነው። ጥያቄው ሰፊ ከሆነ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ «መረጃውን ማሰባሰብ ከ850 ፓውንድ በላይ ይፈጃል» ብሎ ሊተወው ይችላል። ስለዚህ «ለታካሚዎች ወረፋ ምን እየተሠራ ነው?» ማለት ለሚኒስትሩ የንግግር ዕድል መስጠት ነው። «ከጥር እስከ መጋቢት 2024 ከ18 ሳምንት በላይ የጠበቁ ታካሚዎች በየወሩ ስንት ነበሩ?» ሲባል ግን ማምለጫው ይጠባል። ቁጥሩ ከታተመ በኋላ ማንም ይጠቀምበታል።

መልስ 2፦ የቃል ጥያቄንም አትናቁት። የመጀመሪያው ጥያቄ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ተከታዩ ግን አይነገርም፤ ጉልበቱም እዚያ ነው። ሁለት ነገር በአንድ ትንፋሽ ከጠየቁ ሚኒስትሩ ቀላሉን መርጦ ይመልሳል። አንድ ብቻ፣ አጭር!

መልስ 3፦ ድንገተኛ ጉዳይ ሲሆን አባሉ ጠዋት ለአፈ ጉባኤው አስቸኳይ ጥያቄ ያመለክታል። ከተፈቀደ መንግሥት በዚያው ቀን ሚኒስትር ልኮ ይመልሳል።

መልስ 4፦ በእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55(17) ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን አለው። 55(18) ደግሞ አንድ ሦስተኛው አባላት ሲጠይቁ ለአስፈጻሚው በተሰጠ በማናቸውም ጉዳይ ላይ ምክር ቤቱ እንዲወያይ ያዛል። ይህ ሁለተኛው ቢሠራበት በጣም ይጠቅማል።