የልብ ምቴ ቁጭ ብዬ 96 ነው፣ ያሰጋል?

ሰላም ቤተሰብ። ፒያሳ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምሠራው። ሰሞኑን ደረጃውን ስወጣ ልቤ ድው ድው ይላል። ትናንት ቡና ጠጥቼ ወዲያው ብለካው በደቂቃ 96 ሆነ። ምን ትሉኛላችሁ?

የአራት ኪሎዋ ነርስ፦
አይዞህ ወንድሜ። ለአዋቂ በእረፍት ጊዜ ከ60 እስከ 100 ጤናማ ነው የሚባለው። ቡና ግን ያፈጥነዋል። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሳ፣ ሌባ ጣትህንና መሃል ጣትህን አንጓህ ላይ፣ ከአውራ ጣትህ ሥር በኩል አድርገህ 30 ሰከንድ ቁጠርና በ2 አባዛው። በአውራ ጣት አትለካ፣ የራሱ ትርታ ስላለው ያሳስትሃል። ደረትህን ካመመህ ወይም ራስህን ካዞረህ ግን ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂድ።

የካዛንቺስ ልጅ፦
ቸል እንዳትል ብቻ። የእኔ ለሳምንታት ከ100 አልወርድ ሲል ጭንቀት ነው ብዬ ተውኩት። ስመረመር ደም ማነስ ሆኖ ተገኘ። ለካ ኦክስጅን የሚሸከመው ደም ሲያንስ ልብ ቶሎ ቶሎ እየመታ ነው የሚያካክሰው። ትኩሳትም፣ የውኃ እጥረትም፣ የታይሮይድ ሆርሞን መብዛትም ያፈጥኑታል።

ሯጩ፦
መስቀል አደባባይ ጠዋት ጠዋት መሮጥ ስጀምር 82 ነበር። ከስድስት ወር በኋላ 64 ገባ። የጠነከረ ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም ይገፋል፣ ስለዚህ መቻኮል አያስፈልገውም።

ጠያቂው፦
ዛሬ ከአልጋ ሳልነሳ ለካሁት፣ 74! እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የደም ምርመራውንም ሰኞ አደርጋለሁ።