ማተቤን አውልቂ ተባልኩ፤ ምን ላድርግ?

የአራዳዋ፦ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ እንግሊዝ አገር ሳንድዊች ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። ባለፈው ሐሙስ የፈረቃ ኃላፊያችን አንገቴ ላይ ማተቤን አይታ «ከሰኞ ጀምሮ ይህን አድርገሽ ወደ ማምረቻው አትገቢም» አለችኝ። ደንቡ ጌጣጌጥ ይከለክላል። ጌጥ አይደለም ብዬ ባስረዳት «ክር ከሆነማ ጭራሽ ምግብ ውስጥ ሊገባ ይችላል» አለች። በሰማንያ ቀኔ ክርስትና ስነሣ የታሰረልኝ ነው፤ ክሩ ሲያልቅ ይቀየራል እንጂ አንገቴ ባዶውን አድሮ አያውቅም። የቤት ኪራዩም ደርሷል። እንዲህ የገጠማችሁ ካላችሁ ምን አደረጋችሁ?

ጦሳ ሥር፦ ልጄ፣ ይህ ምን ይጠየቃል! አባቶቻችን ማተባችንን አንበጥስም ብለው አንገታቸውን ለሰይፍ ሰጥተዋል፤ አንቺ ለሳንድዊች? ዛሬ ማተብ፣ ነገ ጾም፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ልጅሽን ለምን ክርስትና ታስነሻለሽ ይሉሻል። ፈረንጅ የሚያላምድሽ ቀስ እያለ ነው።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ ጋሼ፣ ኪራዩን እርስዎ ይከፍሉላታል?

እህቴ፣ የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ ነበርኩና የማውቀውን ልንገርሽ። እዚህ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የእኩልነት ሕግ ሃይማኖትንም ይሸፍናል። ቀጣሪ «ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው» ስላለ ብቻ አያመልጥም፤ ክልከላው በቂ ምክንያት ያለውና ከልክ ያላለፈ መሆኑን ማስረዳት አለበት። ያም ሆኖ ባዶ ተስፋ አልሰጥሽም። እ.ኤ.አ. በጥር 2013 የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በሥራ ቦታ መስቀል ስለማድረግ የቀረቡለትን የሁለት ሴቶች አቤቱታ በአንድ ላይ ወስኗል። የብሪቲሽ ኤርዌይስ ሠራተኛዋ ናዲያ ኤዊዳ ረታች፤ አየር መንገዱ የተከራከረው ስለ ገጽታው ነበርና። ነርሷ ሸርሊ ቻፕሊን ግን ተረታች። ሆስፒታሉ በሽተኛ ሰንሰለቱን ሊጎትተው ይችላል፣ ቁስልም ሊነካ ይችላል ስላለ ፍርድ ቤቱ ደህንነትን አስቀደመ። ያንቺ ጉዳይ ለነርሷ እንዳይቀርብ እሰጋለሁ።

የፋብሪካውን ፍርሃትም እወቂው። እጅሽ ሲቆረጥ የሚለጥፉልሽ ፕላስተር ሰማያዊ የሆነው ምግብ ላይ ቢወድቅ ቶሎ እንዲታይ ነው፤ መፈተሻ ማሽኑ እንዲይዘውም ውስጡ ስስ ብረት አለው። ጥቁር ክር ግን ማሽኑ አልፎት ይሄዳል። ስለዚህ ደንቡን በጽሑፍ ጠይቂ፤ ልሙጥ የጋብቻ ቀለበት ፈቅደው እንደሆነም እይ። ከዚያ አማራጭ ይዘሽ ቅረቢ፦ ክሩ ከውስጥ ልብስሽ ጋር ተሰፍቶ ከላዩ እስከ አንገት የሚዘጋ ልብስ ቢደረግስ?

ገራዶ፦ እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ፤ እንዳትቀየሙኝ። ክር ቢወልቅ ክርስቶስ ከልብሽ አይወጣም። እኔን የሚያሳስበኝ እሑድ ነው። ፈረቃ እያልን ስንቶቻችን የአምልኮ ቀናችንን ሸጠናል? ያንን ማንም አውልቁ ሳይለን ነው ያወለቅነው።

ጦሳ ሥር፦ ይኸው መጣ! አንተ ማተብህን በጥሰህ ስታበቃ ለሌላው ትመክራለህ?

ሸዋ በር፦ ጋሼ፣ ረጋ ይበሉ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ አንገት መስጠት ካነሡ የእኛንም ይቁጠሩልን። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ክርስትና ተነሡ ተብለው የተጨነቁት የወሎ ሰዎች የእኔም የእርስዎም ዘመዶች ናቸው።

የአራዳዋ፣ እኔ ዳቦ ፋብሪካ ስገባ በሻርፔ ፋንታ እዚያው የሚታጠብ ነጭ ሰጡኝ፤ በላዩ የፀጉር መረቡን አደርጋለሁ። ጠይቄ ነው ያገኘሁት። የሚከብደኝ ሌላ ነው። ደሴ ጎረቤታችን እትዬ በፋሲካ ለእኛ ለብቻው በሙስሊም እጅ ያሳርዱ ነበር፤ ድስቱም ለብቻ ነው። እምነታችን ስለሚገዳቸው ነው። እዚህ ግን ጾሚ አትጹሚ ማንም ጉዳዩ አይደለም፤ እንዲህ ባለ አገር ነው ሰው ሳያውቀው የሚተወው።

የኮምቦልቻው፦ ሸዋ በር፣ ሆዴን አባባሽው። ወንድሜ ትናንት ደውሎ ለመስከረም 21 ግሸን የሚሄዱበትን ላክ አለኝ። ለእናታችን ጥላ፣ ለእርሱ መኪና፣ ለሚስቱ አዲስ ቀሚስ። በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ «ፓውንዱ ጨምሮልህ የለ» ይለኛል፤ ኪራዬ የሚከፈለው በብር ይመስል! እሑድ ሌሊት መጋዘን ውስጥ ካርቶን እየደረደርኩ የእነርሱን ንግሥ እከፍላለሁ፤ ራሴ ቅዳሴ ከቆምኩ ቆይቻለሁ።

ጦሳ ሥር፦ ግማደ መስቀሉ ላለበት ቦታ መላክ ያስመርራል? በረከቱ ለአንተም ይደርስሃል።

ገራዶ፦ በረከት በሐዋላ ተልኮ አያውቅም።

የአራዳዋ፦ ወንድሞቼ፣ እባካችሁ። ደሴ ላሉት የንስሐ አባቴ ደውዬ ነበር። «ሳንድዊቹ የጾም ነው የፍስክ?» አሉኝ። ሁለቱም አለ ብላቸው «አስቤበት እነግርሻለሁ ልጄ» ብለው ዘጉ። ለፋብሪካው ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ልብሴ ላይ ይሰፋ ብዬ። እስኪመልሱልኝ ሰኞ አድርጌው ልግባ ወይስ ልቅር?

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ ሳትነግሪያቸው አትቅሪ። ደብዳቤውን ዛሬውኑ ላኪ፣ ቅጂውን ያዢ፤ መልስ እስኪመጣ ከማምረቻው ውጭ ሥራ እንዲሰጡሽ ጠይቂ።

ጦሳ ሥር፦ ገራዶ፣ ስለ ሐዋላው ያልከውን አልተውልህም። አንተስ አሥራትህን በምን ነው የምትልከው?

ገራዶ፦ በባንክ። ጥላ ግን አልገዛበትም።