የግፊት ታካሚዎች ጥናት በታብሌት፦ ቀኑ፣ ሰዓቱና የቢፒ ቁጥሩ እንዴት ይያዝ?

ማስተርስ ነርስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ክሮኒክ ክሊኒክ (የቆዩ በሽታዎች መከታተያ ክፍል) ክትትል ያላቸው የደም ግፊት ታካሚዎች ላይ የመመረቂያ ጥናት ልጀምር ነው። ናሙናው 384፣ መልስ ለማይሰጡት 10 በመቶ ተጨምሮ 423። መጠይቁን ኮቦ በሚባለው የመረጃ መሰብሰቢያ አፕ ታብሌት ላይ ነው የምናስሞላው፤ ሰብሳቢዎቹ 3 ነርሶች ናቸው፣ ቢፒ (የደም ግፊቱ) የሚለካው ክንድ ላይ በሚታሰር ዲጂታል መለኪያ ነው። ታካሚው በሽታው የታወቀበትን ጊዜም ሆነ መድኃኒት የሚወስድበትን ሰዓት የሚነግረን በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ፎርሙ ላይ እንዴት ይግባ? የቢፒ ቁጥሩ ላይስ ምን ምን ልቆልፍ (ፎርሙ የትኛውን ቁጥር አልቀበልም ይበል)? ኋላ ላይ ደግሞ በስልክ አጭር የጤና ትምህርት መልእክት ልልክላቸው አስቤያለሁ። ክሊኒኩ ውስጥ ኔትወርክ ይቆራረጣል።

ዳታ ማናጀር፦
ቀኑ ቀላሉ ነው። ፎርሙን በኤክሴል ከሠራሽው፣ የቀን ጥያቄው ባለበት መስመር «አፒራንስ» (appearance) በሚለው ዓምድ ላይ «ኢትዮጵያን» (ethiopian) ብለሽ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፊ፤ ትልቅ ፊደል እንዳትጠቀሚ። ሰብሳቢዋ ከመስከረም እስከ ጳጉሜ ያለውን ታያለች፣ የሚቀመጠው ግን በፈረንጅ ነው። ስለዚህ ኋላ ላይ «8 ልጨምር» ወይም «8 ልቀንስ» ብለሽ እንዳትነኪው። ይህ የሚሠራው ኮቦኮሌክት አፕ ላይ ነው፤ በብሮውዘር ለሚሞላ ፎርም አትመኪበት።

ችግሩ ግን ብዙ ታካሚ ወሩንም ቀኑንም አያስታውስም። ዓመቱን ብቻ በቁጥር ጠይቂ፣ ጥያቄው ላይም «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብለሽ ጻፊበት። አንዷ ሰብሳቢ ታካሚው ያለውን፣ ሌላዋ ወደ ፈረንጅ ገልብጣ ከጻፈች ነገር ተበላሸ፦ «2010» የሚል ቁጥር የእኛ ይሁን የእነሱ መለያ የለውም፣ የ7 ወይም የ8 ዓመት ስህተት ተሸክሞ ይቀራል።

ለመድኃኒት ሰዓት የኮቦን የሰዓት ጥያቄ አትጠቀሚ። ታካሚው «ጠዋት 2 ሰዓት» ይላል፣ ሰብሳቢዋ 2:00 ትመታለች፣ ኮምፒውተሩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። ለሁለት ክፈይው፦ መጀመሪያ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት የሚል ምርጫ፣ ቀጥሎ ከ1 እስከ 12 ቁጥር። መገልበጡን ትንተና ላይ አንቺ ትሠሪዋለሽ። ታብሌቶቹን ስትረከቢ ሰዓታቸውን እዪ፤ በእኛ እንዲያሳይ ተብሎ 6 ሰዓት ወደኋላ የተጎተተ ከተገኘ ፎርሙ የተጀመረበትና ያለቀበት ጊዜ ሁሉ ይዛባል።

ቁልፍ ላይ አታብዢ። ሲስቶሊክ (የላይኛው ቁጥር) ከዲያስቶሊክ (ከታችኛው) መብለጥ አለበት፤ ይህ ያለ ጥያቄ ይቆለፍ። ወሰኑን ግን ሰፋ አድርጊው፣ ለምሳሌ ሲስቶሊክ ከ60 እስከ 280። 200 ላይ ከቆለፍሽው እውነተኛው 224 ሲመጣ ሰብሳቢዋ ፎርሙ እንዲያልፍላት 199 ትጽፋለች፤ ስህተቱን ያመጣው ያኔ ቁልፉ ነው። ይልቅ 180 በ110 እና ከዚያ በላይ ሲሆን «ድገሚና ለሐኪሙ አሳውቂ» የሚል ማሳሰቢያ ይውጣ። አማካዩን ሰብሳቢ አታስሠሪ፤ እያንዳንዱ ልኬት ለብቻው ይግባ።

ማታ ማታ አውርደሽ የመጨረሻዋን አሃዝ ቁጠሪ። ዲጂታል መለኪያ ላይ በ0 የሚያልቀው ከ10 አንዱ ገደማ ነው መሆን ያለበት። የአንዷ ሰብሳቢ ግማሹ 130፣ 140፣ 150 ከሆነ እየለካች አይደለም።

ኔትወርክ አያስጨንቅሽ፤ የተሞላው ታብሌቱ ውስጥ ይቆያል፣ ማታ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ይላካል። ሳይላክ አፑን ከታብሌቱ ማራገፍ ወይም የአፑን ዳታ ማጽዳት ግን ክልክል ነው፤ የጠፋው አይመለስም። ሥራ ከተጀመረ በኋላ የተለዋዋጭ ስም (ጥያቄው ዳታው ውስጥ የሚጠራበትን) አትቀይሪ፣ ለአንድ ጥያቄ ሁለት ዓምድ ይወጣልሻል። ለኤስፒኤስኤስ (ለስታቲስቲክስ መተንተኛው ፕሮግራም) ስታወርጂ የምርጫዎቹን ጽሑፍ ሳይሆን ኮዱን ምረጪ።

ሲስተር ከክሮኒክ ክሊኒክ፦
ዳታ ማናጀር የነገረሽ ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ጥናትሽ የሚበላሸው ታብሌቱ ላይ ሳይሆን ወንበሩ ላይ ነው። ታካሚው ደረጃ ወጥቶ፣ ወረፋ ላይ ተከራክሮ እንደገባ ከተለካ ቁጥሩ የክርክሩ ነው። ቢያንስ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጥ፤ ጀርባው ተደግፎ፣ እግሩ ሳይነባበር መሬት ነክቶ፣ ሽንቱን ሸንቶ። ከዚያ በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ቡና ጠጥቶ ወይም አጭሶ እንደሆነ ፎርሙ ላይ ጠይቂ። አልጋ ጫፍ ላይ አታስቀምጪው፣ ጀርባውም እግሩም ይንጠለጠላል።

ክንዱ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትክክል ይሁን። 10 ሴንቲ ዝቅ ካለ ከ7 እስከ 8 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ከፍ አድርጎ ያነባል። ካፉ (ክንድ ላይ የሚጠቀለለው የመለኪያው ጨርቅ) ባዶ ክንድ ላይ ይታሰር፤ የተጠቀለለ የሹራብ እጅጌ ራሱ ክንዱን ያንቀዋል። 3 ጊዜ ለኪ፣ በየመሃሉ 3 ደቂቃ፣ ትንተና ላይ የ2ኛውና የ3ኛው አማካይ ይያዝ። እየለካሽ መጠይቁን አትጠይቂ፤ ታብሌት ሲኖር ሁሉም ጊዜ ለማትረፍ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፣ ማውራት ደግሞ ቢፒውን ከፍ ያደርጋል።

መጀመሪያ የልብ ምቱን በእጅሽ ዳስሺ። ከተዘበራረቀ ዲጂታሉ አያስተማምንም፣ በስቴቶስኮፕ ይለካ። መለኪያዎቹ ላይም ቁጥር ለጥፊና የትኛው እንደለካ ፎርሙ ላይ ይግባ፤ አንዱ ቢዛባ የምታውቂው በዚህ ነው።

ማስተርስ ነርስ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ከመለኪያዎቹ ጋር የመጣው ካፍ አንድ ሳይዝ ብቻ ነው። እሱስ?

ሲስተር ከክሮኒክ ክሊኒክ፦
እንግዲያው የክንዱን ዙሪያ በሜትር ለኪ፤ በትከሻና በክርን መሃል። መደበኛው የአዋቂ ካፍ ከ27 እስከ 34 ሴንቲ ላለው ነው (አንዳንዱ ከ22 ይጀምራል፣ ካፉ ላይ የተጻፈውን እዪ)። ወፍራም ክንድ ላይ ትንሽ ካፍ ከታሰረ ቢፒው ከፍ ብሎ ይነበባል፣ ቀጭን ክንድ ላይ ሰፊ ካፍ ደግሞ ዝቅ። ትልቁን ካፍ ፈልገሽ ግዢ። ካልተገኘ የክንዱ ዙሪያ መመዝገቡ ግድ ነው፤ ትንተና ላይ ከልኩ ውጪ የሆኑትን ለይተሽ ታያቸዋለሽ።

ጤና ትምህርት ባለሙያ፦
ስለ መልእክቱ፦ በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ መልእክት 160 ሆሄ ይይዛል። አንድ የግዕዝ ፊደል ከገባበት ግን ሙሉው ወደ 70 ይወርዳል። ከዚያ ካለፈ በ67 በ67 ይቆራረጣል፣ ሒሳቡም በዚያው ልክ። ስለዚህ አሳጥሪ፦ «ቀጠሮዎ ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። የሚወስዱትን ሁሉ ይዘው ይምጡ።» ክፍት ቦታውና አራት ነጥቡ ተቆጥሮ 41 ነው። «ግፊት» የሚል ቃል የሌለበት ሆን ተብሎ ነው፤ ስልኩ የልጁ ወይም የጎረቤቱ ሊሆን ይችላል። ፎርሙ ላይ «ስልኩ የማን ነው? መልእክቱን ማን ያነብልዎታል?» ብለሽ ጠይቂ። ማንበብ ለማይችሉት የድምፅ ጥሪ ይሻላል።

የጨው ምክር ላይ «ጨው ይቀንሱ» ብቻ አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። ወጥ ላይ ጨው አልጨምርም የሚል ታካሚ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጁ የገባባቸውን ጨው አይቆጥረውም፤ መልእክትሽ እሱን በስም ይጥራ።

አንድ ነገር ከወዲሁ፦ መልእክት መላኩ ስምምነት ወረቀቱና የሥነ ምግባር ኮሚቴው የሚያየው ፕሮቶኮል ላይ ካልተጻፈ ኋላ ማስገባት አሻሽሎ እንደገና ማስፈቀድ ይጠይቃል። ስልክ ቁጥሩ ደግሞ ከመጠይቁ ጋር አይቀመጥ፤ በሌላ ፋይል፣ በኮድ ብቻ የተያያዘ ይሁን።