ከውል ውጭ ኪራይ ተጨመረብኝ፣ ምን ላድርግ?

ገርጂ አካባቢ አንድ ክፍል ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። የምሠራው ሒሳብ ክፍል ነው፤ ደመወዜ ተቆራርጦ 11,000 ብር ይደርሰኛል። ኪራዩ 5,500 ነው። የ2 ዓመት ውል ተፈራርመን ወረዳ አስመዝግበናል፤ ገና አጋማሹ ላይ ነን።

በቅርቡ አከራዬ «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ 8,000 ነው፣ ካልሆነ ልቀቂ» አሉኝ። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ጭማሪ የሚደረገው መንግሥት በዓመት አንድ ጊዜ በሚያሳውቀው ልክ ብቻ ነው። ይህን ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። «ቤቱ የኔ ነው» አሉ። ጎረቤት ሽማግሌ ላክሁባቸው፤ ጭራሽ ተቆጡ። ከዚያ ወዲህ ማታ ከሥራ ስገባ ውኃው ተዘግቶ ይጠብቀኛል። ወረዳ ስሄድ አቤቱታሽን በጽሑፍ አስገቢ ተባልኩ።

የከበደኝ እዚህ ላይ ነው። እትዬ ክፉ ሰው አይደሉም። ታምሜ በተኛሁ ጊዜ አጥሚት ይዘውልኝ የመጡት እሳቸው ናቸው። ደግሞ የምንወጣ የምንገባው በአንድ በር ነው፤ እኔ ብቻዬን ነኝ፣ ብዙ ጊዜም አምሽቼ ነው የምገባው። ለእናቴ የምልከውን ብር ደግሞ ላቋርጥ አልችልም።

አቤቱታ አስገብታችሁ እዚያው ግቢ መኖር የቀጠላችሁ ካላችሁ፣ ከአከራያችሁ ጋር ሳትቆራረጡ ጉዳዩን እንዴት ጨረሳችሁት?