ከሴስና ወደ ሪጅናል ጄት፦ ቀን የቆረጠልኝን ልያዝ ወይስ ቤቴ አጠገብ ያለውን ልጠብቅ?

የመናሰሱ አስተማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ መናሰስ ኤርፖርት ላይ የበረራ አስተማሪ ነኝ። አየር መንገድ ለመቀጠር የሚጠየቀው 1,500 የበረራ ሰዓት ሊሞላልኝ ጥቂት ቀርቶታል። አብዛኛው ሴስና 172 የምትባል ትንሽ የማስተማሪያ አውሮፕላን ላይ ቀኝ ወንበር ተቀምጬ «ቀኝ እግር፣ ቀኝ እግር!» እያልኩ የሞላሁት ነው። አገር ቤት የተማርኩት አካውንቲንግ ስለሆነ፣ የአቪዬሽን ዲግሪ ላላቸው የሚደረገው ቅናሽ እኔን አይመለከትም። እነሱ በ1,000 ሰዓት ይገባሉ። እኔ ሙሉውን እየቆጠርኩ ነው።

ሁለት ሪጅናል (ለትልልቆቹ አጫጭር መስመር የሚያበሩ) አየር መንገዶች ቃለ መጠይቅ አድርገውልኝ ሁለቱም ተቀብለውኛል። አንደኛው ከጥምቀት በኋላ ክላስ (የአዲስ ገቢ ስልጠና) ግባ ብሎ ቀን ቆርጦልኛል። ለአዲስ ገቢ የሚደርሰው ቤዝ (ሥራ የሚጀመርበት ኤርፖርት) ግን ኒውዮርክ ነው። ሌላ ቦታ እንዳትጠብቅ ብለው ከወዲሁ ነግረውኛል። ሁለተኛው ዋሽንግተን ናሽናል ኤርፖርት ላይ ቤዝ አለው። የምኖረው አሌክሳንድሪያ ስለሆነ ትራፊክ ከሌለ አስር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ችግሩ ቀን የለውም። «ስምህ ተራ ውስጥ ገብቷል፣ እንደውልልሃለን» ይሉኛል። እኔ ስደውልም መልሱ ያው ነው።

ባለቤቴ ነርስ ናት፣ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። ልጃችን ገና ዳዴ ይላል። እኔ ኒውዮርክ ሪዘርቭ (ለበረራ እስክጠራ ተጠባባቂ) ተቀምጬ እሷ ሌሊት ስትወጣ ልጁን ማን ይይዛል? እናቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ በደወለች ቁጥር «አሁንም ያቺን ትንሿን ነው የምትነዳው?» ትለኛለች። የጎረቤቷ ልጅ ከአካዳሚ እንደወጣ ቀጥታ ረዳት አብራሪ ሆኖ ስላየች፣ የዚህ አገር የ1,500 ሰዓት ነገር አይገባትም። ማስረዳቱን ትቼዋለሁ።

እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ትይዛላችሁ? ከማስተማር ወደ ጄት የሄዳችሁ ደግሞ፣ ስልጠናው ላይ ምን እንዳስቸገራችሁ ንገሩኝ።

ገና በመንገድ ላይ

ወንድሜ፣ እኔ 400 ሰዓት ላይ ነኝ። ሁለት ቦታ ተቀበሉኝ ብለህ ስትጨነቅ ሳይ ቅናት ሊገድለኝ ነው። የምመክርህ የለኝም፤ መልሶቹን ላነብ ነው የመጣሁት።

የኤምብራየሩ ቀኝ ወንበር

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። እኔም ዳላስ አካባቢ አስተማሪ ነበርኩ። አሁን ኤምብራየር 175 ላይ ረዳት አብራሪ ነኝ። ቀን የሰጠህን ያዝ ባይ ነኝ።

አሁን ዓይንህ 1,500 ላይ ነው። እሱን ስትሞላ 1,000 የሚባል ሌላ ቁጥር ይጠብቅሃል። እንደ እኔና እንዳንተ ከማስተማር የመጣ ሰው ካፒቴን ለመሆን መጀመሪያ በአየር መንገድ ረዳት አብራሪነት 1,000 ሰዓት መብረር አለበት። ሴስና ላይ ያስተማርክበት ሰዓት እዚያ ውስጥ አይገባም። ቆጠራው የሚጀምረው ክላስ ገብተህ፣ ሲሙሌተሩን ጨርሰህ፣ መንገደኛ ጭነህ ስትነሳ ነው። ቤት ቁጭ ብለህ ስልክ ስትጠብቅ የሚጨመርልህ ነገር የለም።

ደግሞ ጊዜውን እይ። በ2022 እና በ2023 ሪጅናሎቹ ሰዓቱን የሞላውን ሁሉ ይወስዱ ነበር። ኤንቮይ፣ ፒድሞንትና ፒኤስኤ በጁን 2022 የጀማሪውን ክፍያ በሰዓት 90 ዶላር ያደረሱት ወደው አይደለም፤ ሰው አጥተው ነው። በ2024 ነገሩ ቀዘቀዘ። ትልልቆቹ መቅጠር ሲቀንሱ የሪጅናሉ ካፒቴን መሄጃ አጣ። እሱ ካልሄደ ከሥሩ ቦታ አይከፈትም። ሰዓታቸውን ሞልተው ወራት ሙሉ ሲያስተምሩ የቆዩ ልጆች አውቃለሁ።

ግን ከመፈረምህ በፊት አንድ ነገር አጣራ። ስለ ደመወዝ አይደለም፣ እሱ ኮንትራቱ ላይ ተጽፏል። ሪዘርቭ ላይ ያለ አዲስ ረዳት አብራሪ በወር በትክክል ስንት ሰዓት እንደሚበር ጠይቅ። ሪዘርቭ ስትሆን ባትበርም የወሩ ዋስትና ይከፈልሃል፤ ብዙ ቦታ 75 ሰዓት አካባቢ ነው። ኪስህ አይጎዳም፣ ሎግ ቡክህ ግን ባዶውን ይቀራል። በወር 20 ሰዓት የሚያበሩህ ከሆነ 1,000 ለመሙላት ከአራት ዓመት በላይ ይፈጅብሃል። በወር 70 ከሆነ ዓመት ከመንፈቅ እንኳ አይሞላም። ይህን ከቀጣሪው ክፍል አትጠብቅ። እዚያ የሚሠራ ሰው ፈልግና እሱን ጠይቅ።

ስልጠናውን በተመለከተ፣ መሪ መጨበጡ አያስቸግረኝም እንዳትል። እስኪ በዚህ ወር ራስህ ስንት ጊዜ አበረርክ? ተማሪው ያበራል፣ አንተ ታያለህ። ዓይናችን የሰው ስህተት መፈለግ ይለምዳል። መሣሪያ አንብቦ በራስ እጅ መከተል ግን ይዝጋል። ክላስ ከመግባትህ በፊት ሰው ይዘህ፣ ሁድ (ውጭውን የሚከልል መጋረጃ) አድርገህ፣ አይኤልኤስ (በመሣሪያ ብቻ ወደ ማረፊያ መግባት) ደጋግመህ ብረር። ሴስና ስታርፍ በ65 ኖት ነው የምትገባው። ጄቱ በ130 ገደማ ስለሚገባ «ቆይ ላስብ» የምትልበት ጊዜ የለም።

አፋችንም ያው ነው። እኛ ሞተር ከተነሳ እስኪጠፋ እናወራለን። እዚያ ከ10,000 ጫማ በታች በረራውን የማይመለከት ወሬ ክልክል ነው። የሚባለው ቃል ራሱ ተጽፎ ተቀምጧል። አንዱ «ፖዚቲቭ ሬት» (ወደ ላይ እየወጣን ነው) ይላል፣ ሌላው «ጊር አፕ» (ጎማውን ሰብስብ) ይላል፣ አለቀ። ሲሙሌተር ውስጥ አጠገብህ ያለውን ልጅ ማስተማር ከጀመርክ ከኋላ የተቀመጠው አሠልጣኝ ጉሮሮውን መጥረግ ይጀምራል። የኮክፒቱን ፎቶ በትልቁ አሳትመህ መኝታ ቤት ለጥፈው። እጅህን እያንቀሳቀስክ ቅደም ተከተሉን በቃልህ ያዝ። ባለቤትህ ትስቅብሃለች፣ ትሳቅ።

የሚኒያፖሊሷ

ከላይ የጻፈው ወንድሜ ያለው ትክክል ነው፣ ግን ልጅ የሌለው ሰው ምክር ይመስላል። ይቅርታ።

እኔ ሲአርጄ የሚባል ሪጅናል ጄት ላይ ካፒቴን ነኝ። መጀመሪያ አካባቢ ከሌላ ከተማ እየተመላለስኩ ነበር የምሠራው። ሪዘርቭ ሆኖ መመላለስ እንደ ሌላው መመላለስ አይደለም። ሲደውሉልህ በሁለት ሰዓት ውስጥ ኤርፖርት መገኘት ካለብህ ቤትህ ሆነህ አትጠብቅም። ክራሽ ፓድ (አብራሪዎች በጋራ የሚያድሩበት ቤት) ተከራይተህ፣ ተደራራቢ አልጋ ላይ ተኝተህ፣ ምናልባት ላይደወል ስልክ ስታይ ትውላለህ። የዕረፍት ቀንህ ከመምጣቱ በፊት ግማሹ መንገድ ላይ ያልቃል። ጃምፕሲት (አብራሪ በሌላ አውሮፕላን ትርፍ ወንበር የሚሄድበት) ነፃ ነው፣ ዋስትና ግን የለውም። አውሮፕላኑ ከሞላ ወይም ዝናብ ከዘነበ እዚያው ታድራለህ።

አንተን የሚያድንህ ባቡሩ ነው። ከዩኒየን ስቴሽን ኒውዮርክ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከብዙዎቻችን ትሻላለህ።

ስልጠናው ራሱ ሁለት ሦስት ወር ከቤት ያርቅሃል፤ የትኛውንም ብትመርጥ ያው ነው። ስለዚህ የልጁ ነገር ናሽናልን በመጠበቅ ብቻ አይፈታም። ናሽናል ቤዝ ያለውም ቢሆን ቤዙን የሚሰጥህ በሲኒየሪቲ (በቅጥር ቅደም ተከተል) ነው። ቤዝ አለው ማለት ለአንተ ይደርስሃል ማለት አይደለም። ይህን ጠይቀሃል?

ደግሞ እናትህ ያለችውን ጽፈሃል። ባለቤትህ ያለችውን ግን የትም አላየሁም።

ጡረተኛው

ልጄ፣ እኔ 65 ሞልቶኝ ወንበሩን ካስረከብኩ ቆየሁ። ስለ ቤዝ ልጆቹ በደንብ ነግረውሃል።

ይህ የ1,500 ሰዓት ሕግ ከየት እንደመጣ ታውቃለህ። በፌብሩዋሪ 2009 ባፋሎ አጠገብ የወደቀው የኮልጋን 3407 በረራ ነው መነሻው፤ 50 ሰው ሞተ። ሕጉ በ2013 ሥራ ላይ ዋለ። የሚገርመው ሁለቱም አብራሪዎች በዚያን ጊዜ ከ1,500 ሰዓት በላይ ነበራቸው። ፍጥነቱ ወርዶ መሪው ለማስጠንቀቅ ሲርገበገብ ካፒቴኑ ወደ ፊት መግፋት ሲገባው ወደ ራሱ ሳበ። አንተ ስቶል (ክንፉ አውሮፕላኑን መያዝ ሲያቅተው) ስታስተምር የምትውል ሰው ነህ። እጅህ ሳታስበው ወደ ፊት ይገፋል። ብዙ ሰው ማስተማርን እንደ መቆያ ነው የሚያየው። ይህ የያዝከው ነገር ግን ሲሙሌተር ውስጥ በሁለት ቀን አይገኝም።

ሌላም አለ። ረዳት አብራሪዋ ከሲያትል ተነስታ ሌሊቱን ስትጓዝ አድራ ነው ለሥራዋ ኒዋርክ የደረሰችው። ስለዚህ ኒውዮርክን ከመረጥክ ከዋዜማው ሂድ፣ አልጋ ላይ ተኛ። በሥራህ ቀን ጠዋት በባቡር እደርሳለሁ እንዳትል።

ሎግ ቡክህን ደግሞ ቁጭ ብለህ ደምር። ጠቅላላውን ብቻ ሳይሆን ረጅም ጉዞውን፣ የሌሊቱን፣ የመሣሪያውን ለየብቻ። 1,500 ሞልተህ ረጅም ጉዞህ 200 ከሆነ የተገደበውን ኤቲፒ (የአየር መንገድ አብራሪ ፈቃድ) ትወስዳለህ፣ ትቀጠራለህም። ግን 500 እስኪሞላ ካፒቴን አትሆንም። አስተማሪ ኤርፖርቱን ሲዞር ስለሚውል እዚህ ላይ ይጎድለዋል። ለኤቲፒ ከተነሳህበት ቀጥታ ከ50 ኖቲካል ማይል በላይ መራቅ ይበቃል፤ ማረፍ ግዴታ አይደለም። ከመናሰስ ሻርለትስቪል ድረስ ሄደህ ብትመለስ ይቆጠርልሃል። ለተማሪህም ከዋሽንግተኑ ልዩ የበረራ ክልል መውጣት ይጠቅመዋል።

የአስተማሪነት ፈቃድህንም አትጣለው። ከዲሴምበር 2024 ወዲህ ካርዱ ላይ ማብቂያ ቀን አይጻፍም። ነገር ግን በየ24 ወሩ መሟላት ያለበት ነገር አለ፤ ቀን የለውም ብለህ እንዳትዘናጋ።

የመናሰሱ አስተማሪ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ረጅም ጉዞዬን ደምሬው 500 አይሞላም። ከዛሬ ጀምሮ ተማሪዎቼ ሻርለትስቪልን ሊጠሏት ነው።

የሚኒያፖሊሷ፣ እህቴ፣ ስለ ሲኒየሪቲው አልጠየቅኩም ነበር። ዛሬ ደወልኩ። ናሽናል ለአዲስ ገቢ የሚደርሰው አልፎ አልፎ ነው አሉኝ። ይህን ማንም ቀድሞ አልነገረኝም። ባለቤቴ አጠገቤ ሆና ሁሉንም አንብባዋለች። «ሂድ፣ እኔ ሦስት ሌሊት ነው በሳምንት የምሠራው፣ አንተ ባለህበት ቀን አስተካክለዋለሁ» ብላለች። እናቷም ከአዲስ አበባ ልትመጣልን ነው። የቪዛ ቀጠሮዋ ግን እንደ ሁለተኛው አየር መንገድ ነው።

ስለዚህ ወደ ኒውዮርኩ አዘንብያለሁ። የሪዘርቩን ሰዓት የሚነግረኝ ሰው ካገኘሁ እፈርማለሁ። አሁን የሚያስጨንቀኝ የባለ ሁለት ሞተር ሰዓቴ ነው። 25 ነው የጠየቁኝ፣ ጥቂት ይጎድለኛል። ሴሚኖል (ባለ ሁለት ሞተር የማስተማሪያ አውሮፕላን) የት በደህና ዋጋ ይገኛል?

ገና በመንገድ ላይ

ወንድሜ፣ አሁን ልጠቅምህ ነው! እኔ ፍሬድሪክ ነኝ፣ የባለ ሁለት ሞተር ፈቃድ አለኝ። እዚህ ሴሚኖል የሚያከራዩ አሉ። አንተ ሁድ አድርገህ ታበራለህ፣ እኔ ሴፍቲ ፓይለት ሆኜ ውጭውን አያለሁ፤ ከዚያ እንቀያየራለን። ለሁለታችንም ይቆጠራል፣ ወጪውን እኩል እንካፈላለን። አይኤልኤሱንም እዚያው ትደጋግማለህ። ቅዳሜ ጠዋት ይመችሃል?

የመናሰሱ አስተማሪ

ቅዳሜ ሙሉ ቀን ተማሪ አለኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሁን። ስልክህን በውስጥ ላክልኝ።